ላባውን ሳያንቀሳቅሱ መናገር

በእኛ አገር ልጅ ወደ መጨረሻው ክፍል ሲያልፍ ወላጅ ከቤት ይወጣል። ይህን ስናገር የሚደነግጥ የሌላ አገር ሰው አጋጥሞኝ ስለሚያውቅ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል።

ከብዙ ዘመን በፊት ሊቃውንታችን ተፈታኝ ተማሪዎችን የሚያደናቅፋቸው ምን እንደሆነ በጥልቀት መረመሩ። የመጽሐፍ እጥረት አልነበረም፤ የመምህራን ድክመትም አልነበረም። ወላጅ ነበር። ወላጅ ያስላል። ወላጅ በማይመች ሰዓት «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳህን ሲያስቀምጥ ሳህኑ ይጮኻል፤ ሲጨነቅ ጭንቀቱ ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ሊቃውንቱ ግን ሚዛናዊ ሰዎች ስለነበሩ ወላጅ አያስፈልግም አላሉም። ወላጅ ልጁን መደገፍ አለበት፤ ከመደገፉ በፊት ግን ድጋፍን መማር አለበት አሉ። በዚህም መሠረት ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የድጋፍ ቤት ተሠራ። ትምህርቱ አንድ ዓመት ይፈጃል። የልጁም የመጨረሻ ክፍል አንድ ዓመት ነው። ወላጁ መደገፍን ተምሮ በሚመረቅበት ዕለት ልጁ ለፈተና ይቀመጣል። ይህ መገጣጠም በሕጉ መግቢያ ላይ «ያማረ» ተብሎ ተገልጿል። እኔም ሕጉን በቃሌ ባጠናሁበት ወቅት እጅግ አምሮ ታይቶኝ ነበር።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ጓንጉል ነው። ሥራው የጉም ተጣሪነት ነበር። ከተማችን ከወንዝ ዳር በጎድጓዳ ቦታ የተቀመጠች ናትና፣ ጉም በወረደባት ጠዋት ሰው የገዛ እጁን አያይም። እንዲህ ባለው ቀን አባቴ ድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል። ትከሻው ጆሮው ጋ እስኪደርስ ትንፋሹን ይስባል። ከዚያም «ድልድዩ እዚህ ነው! በዚህ ኑ! ድልድዩ እዚህ ነው!» እያለ ይጣራል። ዳቦ ሻጩም፣ አህያ ነጂውም፣ ዳኛውም ድምፁን እየተከተሉ ይሻገራሉ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ተሻግሬያለሁ። ለእኔ ሲሆን አንድ ነገር ይጨምርበት ነበር፤ «ውቤ! ጭቃውን ተዪና በድንጋዩ በኩል!» ይለኛል። ስሜ የውብዳር ነው። በጉሙ ውስጥ እኔን ከሌሎቹ እንዴት እንደሚለየኝ ጠይቄው አላውቅም።

ወንዝ ማዶ ያለን ሰው የሚጣራ ሰው ለቤት የሚሆን ሌላ ድምፅ የለውም። አባቴ በእራት ሰዓት «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣ ነበር።

የሚወጣበት ቀን ደርሶ ጓዙን ሲሸክፍ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ውቤ፣ የጓዳው መስኮት ሲዘጋ ከታች ገፋ አድርጊው፤ አለበለዚያ...»

«አባባ፣ ሕጉ መሰናበቻ በምልክት ብቻ ይሁን ይላል።»

«እኔ ስለ ምልክት ምን አውቃለሁ? እጄን ባወዛውዝ ሰው ዝንብ ያባርራል ነው የሚለኝ።»

«እንደዚያም ቢሆን።»

እጁን አወዛወዘ። በእውነትም ዝንብ የሚያባርር ይመስል ነበር። ከዚያ ከሰፈራችን ወላጆች ጋር ኮረብታውን ተያያዘው። እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ አለበለዚያ ምን እንደሚሆን ግን ሳላውቅ ቀረሁ።

ያ ዓመት የጸጥታ ዓመት ነበር። ጉም በወረደ ጠዋት የሚጣራ ስላልነበረ እስኪገለጥ ጠብቀን እንሻገር ነበር። ምግባችንን የድጋፍ ቤቱ ተላላኪዎች ደጃፍ ላይ አስቀምጠውልን ይሄዱ ነበር። እንዳያደናቅፉን ስለታዘዙ በር አያንኳኩም፤ ስለዚህም ምግቡን ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም ድመት ቀምሶት እናገኘዋለን። ትምህርት ቤት ስንገናኝ ሁላችንም እንዴት ጥሩ ድጋፍ እየተደረገልን እንደሆነ እንነጋገራለን። በጣም ብዙ እንነጋገር ስለነበር መምህሮቻችን ደወል ከተደወለ በኋላም ከግቢው ሊያስወጡን ይቸገሩ ነበር። ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚቸኩል ተማሪ አላየሁም። ይህንንም ለትምህርት ካለን ፍቅር ቆጠርኩት።

ከአጠገባችን ባለው ቤት አዝመራ ትኖር ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ናት። እንደ እኔ ጎበዝ አልነበረችም፤ አፍ ላይ ግን ማንም አይችላትም።

«ትናንት ከበራችን ጋር ተጨቃጨቅን» አለችኝ አንድ ቀን።

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ ነዋ። ዝም ብሎ ይዘጋብኛል። ለነገሩ ከሰነበትን ወዲህ ለምጄዋለሁ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለታችንም በየደጃፋችን እንቆማለን። በዚያ ሰዓት በኮረብታው ጫፍ ላይ ወላጆች በመስመር ቆመው መብራት ያነሣሉ። ድጋፍ እየተላለፈ መሆኑን ልጅ እንዲያውቅ ነው። የትኛው መብራት የማን እንደሆነ አልተነገረንም። ነገር ግን ልጅ ሁሉ አንዱን ይመርጣል።

«ያንቺ የቱ ነው?» አለችኝ አዝመራ።

«ከትልቁ ዛፍ በስተግራ ያለው። ያ የሚወዛወዘው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አባባ ዝም ብሎ መቆም አይችልም።»

የማጠናውን አጥንቼ፣ የሚወዛወዘውን መብራት አይቼ፣ «ደህና እደር» ብዬው እገባለሁ። በየፈተናውም ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ነበር።

ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የድጋፍ መርማሪዋ ወይዘሮ አመለወርቅ ቤቴ መጡ። መርማሪዎች ኮቴያቸው እንዳይሰማ ከጫማቸው ላይ የሱፍ ካልሲ ያጠልቃሉ። ስለዚህ ከኋላዬ መቆማቸውን ያወቅሁት ጥላቸው መጽሐፌ ላይ ሲያርፍ ነው። የተናገሩትም በለሆሳስ ነበርና ለመስማት ወደ አፋቸው ጠጋ አልኩ።

«አባትሽ በለሆሳስ ትምህርት ወድቀዋል።»

«በሌላውስ?»

«በሌላው መልካም ናቸው። ኩባያ ሳያሰሙ ማስቀመጥን ከማንም ቀድመው ተምረዋል። በር መክፈትም ይችላሉ። ለሆሳስ ግን ዋናው ትምህርት ነው። በመጨረሻው ፈተናም ከወደቁ፣ እንግዲህ አንቺ ያልተደገፍሽ ተማሪ ነሽ ማለት ነው። ያልተደገፈ ልጅ ላይ ደግሞ የፈተና ሸክም መጫን በሕግ ክልክል ነው።»

በአገራችን የመጨረሻው ፈተና ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ያልተቀመጠ ሰው ወደ ከፍተኛው ትምህርት ቤት አይገባም። እኔ ደግሞ ማንበብ ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

«እኔ እኮ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ያሳዘነኝም እሱ ነው። ሳይደገፉ አንደኛ መውጣት ለሌሎች መጥፎ ምሳሌ ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔ ላስተምረው።»

ወይዘሮ አመለወርቅ የሕጉን መጽሐፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ገለበጡ። ከዚያም ልጅ ወላጁን ማስተማሩን ሕጉ እንደማይከለክል፣ የማይከለክለውም ማንም አስቦት ስለማያውቅ እንደሆነ ነገሩኝ። ከትምህርቱ ውጭ ምንም እንዳንነጋገር ተስማምቼ በየቅዳሜው ኮረብታውን እንድወጣ ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስደርስ የተግባር ትምህርት ላይ ነበሩ። በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ወላጆች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱ ወላጅ ይሆናል፤ ሌላው ልጅ። ሽበታም ሴቶች የደብተር ቦርሳ አንግተው ያኮርፋሉ፤ ባለ ቦርጭ ሰዎች ጥፍራቸውን እየነከሱ ቀመር ያጠናሉ። ደጋፊዎቹም በጥንቃቄ ይደግፏቸዋል። እንዲህ ያለ ትጋት በሌላ ቦታ አላየሁም። አባቴ ልጅ ሆኖ ነበር። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ልክ እኔ እንደምቀመጠው ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» አለው በለሆሳስ።

በመማሪያው መሠረት የተማሪው መልስ «ደህና» ብቻ ነው።

«ደህና» አለ አባቴ። ቀጥሎም ቦርሳውን እየደባበሰ፣ «ቤቱ ግን ሰፋኝ» አለ። የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ።

አሠልጣኙ ነጥብ ቀነሱበት። «ተፈታኝ እንዲህ አይልም» አሉት። አሠልጣኙ ትክክል ነበሩ፤ እኔ እንዲያ ብዬ አላውቅምና።

ለብቻችን ስንሆን ከቦርሳዬ የዶሮ ላባ አወጣሁ። ዘዴውን ራሴ ነበርኩ ያሰብኩት። ላባውን ከከንፈሩ ፊት እይዛለሁ፤ እሱ ደግሞ ላባውን ሳያንቀሳቅስ «ልጄ በርቺ» ይላል። በመጀመሪያው ሙከራ ላባው ከእጄ አምልጦ ጣሪያው ሥር ካለው ወጋግራ ላይ ተሰካ። አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ ከትምህርቱ ውጭ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አቆምኩ።

«ምን አደረግሁት ለዚህ ላባ?» አለ። «ባለቤቷ ዶሮ እንኳ ስትጮኽ ነው የኖረችው!»

«አባባ፣ ድምፁ ከሆድህ አይውጣ፤ ከጥርስህ ይጀምር። የምታናግረው ሰው በጣም ቅርብህ እንደሆነ አድርገህ አስብ።»

«ቅርቤ ከሆነ ምን ያናግረኛል? እጁን እይዘው የለ!»

ይህ መልስ በመማሪያው ውስጥ እንደሌለ ነገርኩት።

ላባውን ለማውረድ ወንበር ላይ ቆሜ ሳለሁ በመስኮቱ ትልቁን ዛፍ አየሁት። «መብራቱን የምትይዘው ከዚያ ዛፍ በስተግራ ነው አይደል?» አልኩት። ይህም ትምህርት ነው ብዬ ለራሴ አስረድቼ ነበር።

«መብራት? ለእኔ ማን መብራት ይሰጠኛል ውቤ? በለሆሳስ ላልበቃ ሰው አይሰጥም። መብራት የያዘ ሰው ልጁን መጣራት ያምረዋል ይላሉ። በዚያ ሰዓት እኔ ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ።»

«ከዛፉ ግራ ያለውስ?»

«እሱ ለእኔ የታሰበው ነው። መስመሩ እንዳይጎድል ብለው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ነፋስ ሲመታው ይወዛወዛል።»

እንግዲህ መብራቱን አልሳትኩም፤ ሰው መስሎኝ ነው እንጂ። ከወንበሩ ወረድኩና ትምህርቱን ቀጠልን።

አባቴ ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። በአንድ ቅዳሜ ላባው ከእጄ ሳይወጣ ቀረ፤ በሌላው ደግሞ መታጠፉን ተወና ጫፉ ብቻ ይርገበገብ ጀመር። ከሁሉ የከበደው ትንፋሹ ነበር። ሊናገር ባሰበ ቁጥር ትከሻው በልማድ ወደ ጆሮው ይወጣል፤ እኔም በሁለት እጆቼ ተጭኜ አወርደዋለሁ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ተጭኜ ማውረድ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ትከሻው እንዳረፈ፣ ዓይኑ ዓይኔን እያየ፣ «ልጄ በርቺ» አለ። ላባው ዝም።

«ተንቀሳቀሰ?» አለኝ በለሆሳስ።

«አልተንቀሳቀሰም።»

ከደስታዬ ብዛት ላቅፈው ፈለግሁ። እቅፍ በመማሪያው ውስጥ ስለሌለ እጁን ጨበጥኩት።

በመጨረሻው ፈተናም አሻንጉሊት ሳያስደነግጥ ቀሰቀሰ፤ ኩባያ ሳያሰማ አኖረ፤ በለሆሳስም ከሁሉ የላቀ ሆነ። ወይዘሮ አመለወርቅ ይህን ሊነግሩኝ ሲመጡም ሲሄዱም ኮቴያቸውን አልሰማሁም። በዚያ ቀን ማታ ከዛፉ በስተግራ ያለው መብራት አልተወዛወዘም። ፍጹም ጸጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በዚህም አባቴ እንደያዘው አወቅሁ። ሆኖም ለተረጋጋ መብራት «ደህና እደር» ማለት አስቸገረኝ።

የፈተናችን ዕለት ጉም ወረደ።

ጉሙ ከወትሮው የባሰ ነበር። ወላጆች በሕጉ መሠረት በዚያ ጠዋት ተመርቀው ከኮረብታው ወርደው ነበር። ልጆቻቸውን ፍለጋ ይሁን ቤታቸውን እንጃ፣ በየመንገዱ «ልጄ በርታ፣ ልጄ በርቺ» እያሉ በለሆሳስ አለፉ። ወንዙ ዳር የደረስን ተማሪዎች እርስ በርስ ልብስ ለልብስ ተያይዘን ድልድዩን መፈለግ ጀመርን። ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።

«የውብዳር፣ አባትሽ የታል?» አለች አዝመራ ቀሚሴን ከኋላ እንደያዘች። «ዛሬ ተመርቆ ወርዷል አላልሽም?»

«ዝም በሉና እናዳምጥ።»

ወንዙ ብቻ ተሰማ። ወደ ላይ ሄደን እግራችን ውሃ ውስጥ ገባ፤ ወደ ታች ተመልሰን እሾህ ያዘን። ከኋላ «የት ናችሁ?» የሚሉ ድምፆች እየራቁ ሄዱ። የጊዜውን መድረስ የሚያበሥረው የማዶው ደወል መደወል ሲጀምር ከአንድ ሰው ደረት ጋር ተላተምኩ።

«ድልድዩ እዚህ ነው» አለ ሰውየው። ትከሻው አልተነሣም። ልክ እንዳስተማርኩት ነበር።

«አባባ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምከው?»

«ከንጋት ጀምሮ። ስጣራ ነው ያረፈድኩት» አለ። በጆሮዬ ያልሰማሁትን ከከንፈሩ አነበብኩት።

«ይኼ መጣራት ነው?» አለች አዝመራ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። «ሰልፉ ተበጥሷል። ኋላ የቀሩት አልሰሙም፤ ሄጄ ልጥራቸው።»

«አዝመራ፣ በሩ ይዘጋል!»

«ይዘጋ። ከበር ጋር እንደሆን ለምጃለሁ።»

ቀሚሴን ለቀቀችው። ጉሙ ውስጥ ገብታ በየስማቸው ስትጣራ እየሰማሁ ድልድዩን ተሻገርኩ። ከእኔ ጋር የተሻገሩት ጥቂት ነበሩ። ፈተናው ቀላል ነበር።

ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ወጣሁ። አዝመራ ያገኘቻቸውን ይዛ የደረሰችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እሷም እነሱም በሰሌዳው ላይ «ተደግፈው የጠፉ» በሚል ርዕስ ተለጠፉ። ርዕሱ ወላጆችን ከወቀሳ ስለሚያድን ተገቢ ነው ተብሏል። አዝመራ አሁን ለተፈታኞች ምግብ ከሚያደርሱት ተላላኪዎች አንዷ ናት። ቢከለክሏትም በር ታንኳኳለች፤ ካልተከፈተላትም ቆማ ትጠብቃለች ይባላል።

አባቴ ወደ ቤት ተመለሰ። ምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠን እራት እንበላለን። ኩባያው አይሰማም፤ ሳህኑ አይሰማም። «ልጄ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። «ደህና» እላለሁ። ጨው ሲፈልግ ወደ ጨው ያያል። ጎረቤት መምጣት ካቆመ ቆየ። የድጋፍ ቤቱ ደግሞ ወደ ከፍተኛው ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ የላባውን ዘዴ ለአዲሶቹ ወላጆች እንዳስተምር ጠየቀኝ። ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት እንደገና ጉም ወረደ።

አባቴ ሥራውን አልተወም። ጉም በወረደ ጠዋት ሁሉ ተነሥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል። የከተማው ሰው ግን ከየቤቱ እስከ ወንዙ ገመድ መዘርጋት ጀምሯል። በዚያ ጠዋት ተከትዬው ወጣሁና ከጎኑ ቆምኩ። «ድልድዩ እዚህ ነው» ይላል፤ ከእኔ በቀር የሚሰማው አልነበረም። ከታች በኩል አንድ ሰው ውሃውን ሲረግጥ፣ ሲሰናከል፣ እንደገና ውሃውን ሲረግጥ ይሰማል።

«ድልድዩ እዚህ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ መሐል ላይ ተሰነጠቀ።

አባቴ ደነገጠ። ከኪሱ ላባውን አወጣ። ያችው ላባ ናት፤ እስካሁን በኪሱ ይዟት ይዞራል። እኔ አደርገው እንደነበረው አድርጎ፣ በትዕግሥት፣ በፍቅር፣ ከከንፈሬ ፊት ያዘልኝ።

«እንደገና» አለኝ በለሆሳስ። «ከጥርስሽ ይጀምር።»

ላባውን አየሁት። ከላባው በላይ ዓይኖቹን አየሁ። ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ እስኪደርስ ትንፋሼን ሳብኩ።

«አባባ! ቤቱ ሰፋኝ!»

ላባው ከጣቶቹ መሐል በረረ። ጉሙ ተቀበለውና ጠፋ። አባቴ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ላባው ወደ ሄደበት አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አንዳች ነገር ሊለኝ ፈልጎ አፉን ከፈተ። ከታች ሰውየው እንደገና ውሃውን ረገጠ።

የአባቴ ትከሻ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ተጭኜ ላወርደው እጄን አላነሣሁም።